ፎቶን ሲቆም ምን ይሆናል?



ከዚህ ግቢ ተመርቄ ዳንግላ ፊዚክስ ሳስተምር፣ «ብርሃን ማለት የፎቶን ክምር ነው፤ ልክ እንደ ጤፍ» እል ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ጤፍ እኮ ተቀምጦም ጤፍ ነው። ፎቶን ሲቆም ምን ይሆናል?» አለችኝ። መልስ ሳጣ «ለፈተና አይመጣም» ብዬ አለፍኳት። እስካሁን ይቆጨኛል።

መልሱ በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ነበር። ሶላር ላይ ያረፈ ፎቶን አይጠራቀምም፤ ጉልበቱን ለአንድ ኤሌክትሮን አስረክቦ ይጠፋል። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳስረዳው፣ ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠው በድርሻ በድርሻ ነው፤ የድርሻውም መጠን በድግግሞሹ ይወሰናል። ለዚህ ነው የሰማያዊ ብርሃን ፎቶን ከቀዩ የበለጠ ጉልበት ያለው። ሲጓዝ ግን ብርሃን እንደ ሞገድ ይሰራጫል። እናም ፎቶን የሚቀመጥ ፍሬ አይደለም፤ ቆሞም አይገኝም።

መምህሮቼ፣ አደራ፦ ለሚመረቁት ልጆች ከቀመሩ ጋር ይህንንም አስተምሩልኝ። «አላውቅም፤ ነገ አብረን እንየው» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ያንን ብል ኖሮ፣ ያቺ ልጅ መጠየቋን ባላቆመች ነበር።