ግሊሲን በሙሉ ስሙ ሲጠራ



ፈተና ሲቃረብ ሃያውን አሚኖ አሲዶች እንደ ዳዊት ስንደግም እናመሻለን። ግሊሲን፣ አላኒን፣ ሴሪን ማለቱ አያቅተንም፤ ቅርጻቸውን ሳሉ ስንባል ግን እጃችን ይያዛል። ይህም የሚሆነው የምናጠናው የቤት ስማቸውን ብቻ ስለሆነ ነው።

የቤት ስም የሚያወሳው የትውልዱን ወሬ ነው። ፈረንሳዊው ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1820 ጄላቲንን በሰልፈሪክ አሲድ አፍልቶ የሚጣፍጥ ነገር አገኘ፤ ግሊሲን የተባለውም ጣፋጭ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ታይሮሲን ከአይብ፣ ሴሪን ከሐር ስም ወጥተዋል። ወሬው ደስ ይላል፤ ስለ አቶሞቹ አቀማመጥ ግን አንዳች አይነግረንም።

ሙሉው ስም ግን ራሱ ሥዕል ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1892 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው መሠረቱን በጣሉት ደንብ መሠረት፣ ሁለቱን ኦክሲጂኖች የያዘውን የአሲዱን ካርቦን አንድ ብለን ሰንሰለቱን እንቆጥራለን። ካርቦኖቹ ሁለት ቢሆኑ ኢታኖይክ፣ ሦስት ቢሆኑ ፕሮፓኖይክ፣ አራት ቢሆኑ ቡታኖይክ አሲድ ይባላል። ከዚያ አሚኖው በስንተኛው ካርቦን ላይ እንደ ተንጠለጠለ በቁጥር እናስቀድማለን። እንግዲህ ግሊሲን አሚኖኢታኖይክ አሲድ፣ አላኒን 2-አሚኖፕሮፓኖይክ አሲድ፣ ሴሪን 2-አሚኖ-3-ሃይድሮክሲፕሮፓኖይክ አሲድ ሆኑ ማለት ነው።

ቁጥሯን የሚንቅ ሰው አይጥፋ ይሆናል። 2 በሚለው ፈንታ 3-አሚኖፕሮፓኖይክ አሲድ ብንጽፍ አቶሞቹ አንድም ሳይጎድሉ ሌላ ነገር ጠርተናል፤ እሱም ቤታ አላኒን ነው። አላኒን ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባበት ሲሆን፣ ቤታ አላኒን በፓንቶቴኒክ አሲድ ቪታሚን ውስጥ እንጂ በፕሮቲን ግንባታ ቦታ የለውም። ሉሲንና አይሶሉሲንም የሚለዩት በአንዲት ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው 2-አሚኖ-4-ሜቲልፔንታኖይክ፣ ሁለተኛው 2-አሚኖ-3-ሜቲልፔንታኖይክ አሲድ ይባላል።

ነገር ግን ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። በአላኒን ሁለተኛ ካርቦን ላይ አራት የተለያዩ ነገሮች ስላሉ፣ እንደ ቀኝና ግራ እጅ የማይገጣጠሙ ሁለት ቅርጾች ይኖሩታል። በፕሮቲን ያለው ኤስ የሚል ፊደል ይቀደምለታል። ግሊሲን እዚያው ቦታ ሁለት ሃይድሮጂን ስላለው ፊደል አያሻውም። ጉደኛው ሲስቴይን ነው፤ አቀማመጡ እንደ ወንድሞቹ ሆኖ ሳለ አር ይባላል። ሰልፈር በአቶም ቁጥር ከኦክሲጂን ስለሚበልጥ ደንቡ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ተራው ሲለወጥ ፊደሉም ይለወጣል። ፊደሉን ብቻ አይቶ ሲስቴይንን ግራ ቀኙን የሳተ አድርጎ የሚቆጥር ይሳሳታል።

የቤት ስማቸው አልተሻረም፤ ሊቃውንቱም ዛሬ ድረስ ግሊሲን ይሉታል። የእኛ ልመና በጥናት ክበባችን ከሁለቱ ስሞች ጋር ሥዕሉም አብሮ ይጠና የሚል ነው። አሁንም ጠመኔው እነሆ፤ 2-አሚኖ-3-ሜቲልቡታኖይክ አሲድን ሰሌዳው ላይ ስሎ የቤት ስሙን የሚነግረን ይምጣ።