ከፍ ያለ አፍንጫ፤ ስኖርከልን በግቢ ውስጥ ስለ መግጠም



ሞተር ከነዳጅ እኩል አየር ይሻል። ይህ ለመሐንዲስ የፊደል ቆጠራ ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ክረምት ገብቶ ወንዝ ከሞላ በኋላ በመሻገሪያው ዳር ቆሞ ለሚያመነታ ሾፌር ግን ከባድ ጥያቄ ይሆናል። ወደ ቆላ የሚወርድ ባለመኪና የአየር መሳቢያውን አፍ ከኮፋኖው ሥር አውጥቶ እስከ ጣሪያው የሚያደርስ ቱቦ፣ ማለትም ስኖርከል፣ ለመግጠም የሚነሣው ስለዚህ ነው። ቃሉ የጀርመን ሲሆን፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከውሃ በታች ሳለ የናፍጣ ሞተሩን ለማስነሣት አየር የሚስብበትን ቱቦ ያመለክት ነበር።

ውሃ ወደ ሲሊንደር ቢገባ ምን ይደርሳል? አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን እንቢ ይላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 በላንድክሩዘር ላይ መገጠም የጀመረው 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ቢወሰድ፣ ጠቅላላ ይዘቱ 4,163 ሲሲ፣ የማመቂያ ምጣኔውም 22.4 ለ1 ነው። የአንዱ ሲሊንደር ድርሻ 694 ሲሲ ያህል ሲሆን፣ ፒስተኑ ጫፍ በደረሰ ጊዜ የሚተርፈው ክፍት ቦታ ይህ ቁጥር ለ21.4 ተካፍሎ የሚገኘው 32 ሲሲ ብቻ ነው። ይህም ግማሽ የቡና ስኒ ያህል ነው። ከዚያ የበለጠ ውሃ የገባበት ሲሊንደር ፒስተኑን ይገታዋል፤ በመሽከርከር ላይ ያለው ሞተር ግን በቅጽበት ሊቆም ስለማይችል ቢየላው ይጎብጣል፤ አንዳንዴም ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳል።

እንግዲህ ሥራው በትራፓኖ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ይጀመራል። የቱቦው ቅርጽና የቡሎኖቹ ቦታ በወረቀት ተቀርጾ በፓራፋንጎው ላይ ይለጠፋል፤ ከብረቱ በስተጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩም ይመረመራል። አንድ ጊዜ የተበሳ ፓራፋንጎ ተመልሶ አይደፈንምና ልኩ ደጋግሞ መለካት አለበት። ቀዳዳው በቀጭን መብሻ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይሰፋል፤ ጠርዙ በሞረድ ይስተካከላል፤ ከዚያም ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ እስኪደርቅ ይቆያል። በብሱ ጊዜ የአየር መሳቢያው አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይዘጋል፤ የብረት ፍቅፋቂው ከተጠረገ በኋላ ጨርቁ መውጣቱ ይረጋገጣል።

ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ የቧንቧ ሠራተኛ ቱቦ ይጠቀማል። መጠኑ ከታሰበበት ይህ ነውር የለበትም። የተጠቀሰው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በደቂቃ 5 ሜትር ኩብ የሚሆን አየር ይስባል። ይህ አየር በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 42 ሜትር፣ በ75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ግን 19 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በእኩል ርዝመት የጠባቡ ቱቦ የግፊት ብክነት 7 እጥፍ ያህል ይሆናል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቀድሞውንም አየር ያነሰውን ሞተር በጠባብ ቱቦ ማነቅ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ያስከትላል።

የሥራው ሁሉ ቁልፍ ግን መጋጠሚያው ነው። ከጣሪያው እስከ ፊልትሮው ሣጥን ድረስ ያለው እያንዳንዱ መገናኛ በፋሼታ መጥበቅና በማሸጊያ መታተም አለበት። በፊልትሮው ሣጥን ሥር ያለው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳም ካልተጤነ፣ አፍንጫው ከጣሪያ በላይ ሆኖ ሳለ ውሃው በእግር በኩል ይገባል። ስለዚህም ፈተና ያስፈልጋል። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ የስኖርከሉ አፍ በጠፍጣፋ እንጨት ለአፍታ ይከደናል። ማሸጊያው ደኅና ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። ምንም እንዳልሆነ መዞሩን ከቀጠለ አየሩን ከሌላ ቦታ እየሰረቀ ነው፤ አየር የሚሰርቅበት ቀዳዳ ነገ ውሃ የሚሰርቅበት ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ስኖርከል ካለመኖሩ ይብሳል፤ ሾፌሩ ቱቦውን አምኖ፣ ያለ እርሱ ከማይደፍረው ጥልቀት ይገባልና።

ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን የሚጠብቀው የሞተሩን ትንፋሽ ብቻ ነው። ሲሠራ የዋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኰማተርና ውሃ ይስባል፤ የእርሱም መተንፈሻ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ መነሣት ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ስኖርከል መኪናን ጀልባ አያደርገውም። 4 ሜትር ርዝመትና 1.7 ሜትር ስፋት ያለው አካል ወለሉ በውሃ ከተነካ በኋላ፣ ውሃው ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ወደ 700 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ይነሣለታል፤ ጎማውም መሬቱን የሚቆነጥጥበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊያው 4 እጥፍ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ እንዳሳየው፣ ዝናቡ ከደጋው ወርዶ ደረቁን አሸዋ በሌሊት ሊሞላው ይችላል።

አበው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። ባለሙያ ለደንበኛው፣ ለጎረቤቱ ወይም ለራሱ መኪና ስኖርከል ሲገጥም፣ የመጨረሻውን ቡሎን ካጠበቀ በኋላ የሚቀረው አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ቱቦው የማይችለውን ለሾፌሩ በግልጽ መንገር ነው። ወንዙ ዳር ደርሶ ውሃው እስኪጎድል በትዕግሥት የሚጠብቅ ሾፌር ቱቦውንም ምክሩንም በሚገባ ተጠቅሞባቸዋል።