ብርሃን መለኪያው ሲዋሽ

የፊልም ካሜራ ብርሃን መለኪያ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዳንዴ መሣሪያው ራሱ ይደክማል፤ ብዙ ጊዜ ግን መሣሪያው ደኅና ሆኖ ፊቱ የቆመው ነገር ያሳስተዋል። ከነፋስ መውጫ ወይም ከወገዳ ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ ጠጋኝ ፍለጋ ከመውጣት በፊት ሁለቱን መለየት ይበጃል።

መለኪያው ነጭና ጥቁር አያውቅም። ያየውን ሁሉ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ለጥምቀት በመካነ ኢየሱስ ታቦት አጅቦ የሚወርደው ሕዝብ ነጠላና ጋቢ ለብሷል። መለኪያው ያን ሁሉ ነጭ ግራጫ ለማድረግ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፎቶው ሲታጠብ ነጠላው አመድ መስሎ፣ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ካሜራው ግን አልተበላሸም። መፍትሔው መዳፍ ነው። የመዳፍ ቀለም እንደ ፊት ከሰው ሰው ብዙ አይለያይም፤ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ገደማ ይደምቃል። መዳፍን ሰዎቹ የቆሙበት ብርሃን ላይ ዘርግቶ መለካት፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ መጨመር፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ይበቃል። በነሐሴ ደግሞ የጋይንት መስክ ለምለም ሣር ለመካከለኛው ግራጫ ስለሚቀርብ እንዳለ ይለካበታል።

መሣሪያውን ለመፈተን የጥቅምት ሰማይን የሚያህል የለም። ደመና በሌለበት ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ባለ 100 አይኤስኦ ፊልም የጎረሰ ካሜራ ፀሐይ ላይ ያለ ነገር ሲያነሣ ኤፍ 16 እና 1/125 ሰከንድ ይበቃዋል። ፀሐይ የመታው ሣር ላይ የተነጣጠረ መለኪያ ከዚህ ብዙ ከራቀ፣ ርቀቱ የመሣሪያው ስህተት ነው።

የስህተቱ ምንጭ በካሜራው ዕድሜ ይታወቃል። እንደ ዜኒት ኢ ያሉት ከሌንሱ በላይ ጎርበጥባጣ መስታወት ያላቸው በሴሌኒየም ስለሚሠሩ ባትሪ አይፈልጉም። ሴሌኒየም በብርሃንና በእርጥበት እያረጀ ሲሄድ ብርሃኑን አሳንሶ ስለሚያይ ፎቶው ይነጣል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች ደግሞ 1.35 ቮልት በሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ የተቃኙ ናቸው። ሜርኩሪ መርዝ በመሆኑ ባትሪው ከገበያ ወጣ። በምትኩ የሚገባው አልካላይን ሲጀምር 1.5 ቮልት ስለሆነ መለኪያው ብርሃኑን አጋንኖ ያያል፤ ፎቶውም ይጠቁራል። ፔንታክስ ስፖትማቲክ ግን የቮልቱን ልዩነት የሚያጣጣ አሠራር ስላለው ብዙም አይታለልም። ኔጋቲቭ ፊልም ሁለት ስቶፕ ቢበዛበት ይችላል፤ አንድ ቢያንሰው ግን ጥላው ውስጥ የነበረው ይጠፋል። ከሁለቱ ሕመሞች የሚያሰጋው እንግዲህ የባትሪው ነው።

ስህተቱ ፀሐይ ላይም ጥላ ውስጥም እኩል ከሆነ በአይኤስኦ መደወያው ይታረማል። አንድ ስቶፕ የሚያጠቁረውን ከ100 ወደ 50፣ አንድ ስቶፕ የሚያነጣውን ወደ 200 ማዞር ነው። እኩል ካልሆነ ግን መደወያው አያድንም። ያኔ የፀሐዩን አንድ፣ የጥላውን አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ከካሜራው ጀርባ መለጠፍ ይሻላል፤ መልኩ ባያምርም ይሠራል።

በካድሚየም ሰልፋይድ የሚሠራ መለኪያ ደግሞ ያየው ኃይለኛ ብርሃን ቶሎ አይለቀውም። ከፀሐይ ወደ ቅኔ ማህሌት ገብቶ ወዲያው የሚለካ ሰው የሚያገኘው ቁጥር የተሳሳተ ነው። ሌንሱን ከድኖ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ማለዳ ደግሞ ብርዱ ባትሪውን ያደክማል፤ ካሜራው ሥራ እስኪደርስ ጋቢ ውስጥ ቢቆይ መለኪያው ወደ ልኩ ይመለሳል።