ቀለም አጣርቶ የማይለይ ሰው አይሮፕላን ይንዳን?



በአውሮፓውያን ዘንድ ከመቶ ወንዶች 8 ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን አጣርተው አይለዩም። ጉድለቱ ወንድ ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው ነው። አንዳንዱ ሰው ሐኪም እስኪመረምረው ድረስ እንዳለበት እንኳ አያውቅም። እንዲህ ያለው ወጣት አብራሪ ለመሆን ሲያመለክት ነጠብጣብ ያለበት የኢሺሃራ መጽሐፍ ይገለጥለታል። በነጠብጣቡ መካከል የተሰወረውን ቁጥር ማንበብ ካቃተው ምኞቱ እዚያው ሊቀር ይችላል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

ነገሩን አቃለን አንመልከተው። በብዙ የአይሮፕላን ማረፊያዎች ከመንደርደሪያው ጎን አራት መብራቶች በአንድ ረድፍ ቆመዋል። አይሮፕላኑ ከልኩ በጣም ከፍ ሲል አራቱም ነጭ፤ በጣም ዝቅ ሲል አራቱም ቀይ፤ ልኩን ሲይዝ ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ቀይ ሆነው ይታያሉ። መብራቶቹ አይንቀሳቀሱም፤ ቅርጻቸውንም አይለውጡም። የሚናገሩት በቀለም ብቻ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 26 ቀን 2002 ሊነጋጋ ሲል በአሜሪካ፣ በታላሃሲ ከተማ አንድ የፌዴክስ ቦይንግ 727 የጭነት አይሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ሳይደርስ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ሦስቱም ሠራተኞች ቢጎዱም ከሞት ተረፉ። ይነዳ የነበረው ረዳት አብራሪ የቀለም ጉድለት ነበረበት፤ ይሁን እንጂ በልዩ ፈቃድ እንዲበር ተደርጎ ነበር። መርማሪዎቹ ጉድለቱን ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች አንዱ አድርገው ቆጠሩት። ነገር ግን ድካምንም ቈጥረዋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሠራተኞች አወራረዱን በሚገባ አለመከታተላቸውንም እንዲሁ። ከልካዮቹ ይህን አደጋ ሲጠቅሱ የመጨረሻውን ክፍል መዝለል ይወዳሉ።

በሌላው ወገን አውስትራሊያ አለች። እዚያ የአስተዳደር ይግባኝ ሸንጎ በ1989 እንዲህ ያለ ጉድለት ላለበት አንድ ነጂ ፈረደለት፤ ከዚያም ወዲህ ብዙዎች መሰሎቹ ሌሊት ሳይቀር በረዋል።

እኔ ከሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ አልቆምም። የማረፊያውን ቀይና ነጭ የማይለይ ሰው መንገደኛ ይዞ ሌሊት እንዲወርድ አልፈቅድም፤ መንገደኛው እኔ ልሆን እችላለሁና! ነገር ግን የኢሺሃራ መጽሐፍ የጉድለቱን መኖር እንጂ መጠኑን በትክክል አይለካም። የሎንዶን ሲቲ ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት ከእንግሊዝ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጋር ሆነው በ2009 ያቀረቡት የኮምፒዩተር ፈተና ግን መጠኑን ይለካል። በእነርሱ ግምት የቀለም ጉድለት ካለባቸው አመልካቾች ከሦስቱ አንዱ ያህል የማረፊያውን መብራት ጤናማ ዓይን እንዳለው ሰው ማንበብ ይችላል።

እንግዲህ በመጽሐፉ ብቻ በምንፈርድበት ቦታ ሁሉ ያለ በደላቸው የምንመልሳቸው እነዚህን ነው። የቀሩት ሁለቱ እጅ ግን ሌላ ሥራ ቢፈልጉ ይሻላል እላለሁ፤ ይህን ስል ለሚያዝንብኝ ጓደኛ ከስብሰባው በኋላ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።