ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱበት ዓመት
(በታሪክ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በከተማችን በአዳማ በኩል ያለፈው አሮጌው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን፣ ልጅ ኢያሱ በሐረር ሳሉ፣ መኳንንቱና ጳጳሱ አዲስ አበባ ተሰብስበው ከሥልጣን አወረዷቸው።

ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት የተፋፋመበት ነበር። ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘነበሉ ብለው እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ሰጉ፤ ሌጋሲዮኖቻቸውም ተቃውሞአቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። እነዚሁ ሦስቱ በ1899 ዓ.ም. ስለ አገራችን ያለ እኛ ፈቃድ የተዋዋሉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

የሸዋ መኳንንት ቅሬታ ግን ሌላ ነበር። የምኒልክ ሹማምንት ወደ ጎን ተገፍተው፣ የልጅ ኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ነበር። ይህን ሽኩቻ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ባዕዳን አልፈጠሩትም፤ ተዘጋጅቶ አገኙት እንጂ። ሃይማኖት ለወጡ የተባለውም ክስ (እውነቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል) ሁለቱንም ወገን ጠቀመ።

ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ራስ ተፈሪ ንጉሥ ሚካኤልን ድል አድርገው ማረኩ። ወገን ከወገን ተፋጅቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲወድቅ፣ ሌጋሲዮኖቹ አንድ ወታደር አላሰለፉም። ልጅ ኢያሱም በ1913 ዓ.ም. ተይዘው፣ በ1928 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ።