የእንግዳው ኮከብ የሚለካው ምንድን ነው?



ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚጓዘው መርከብ ለብዙ ዓመታት በቁንዝላና በደልጊ ሲያልፍ፣ ጕዞው ከአንድ ቀን ስለሚበልጥ መንገደኛው ቁንዝላ ላይ ያድር ነበር። በጣና ዳርቻ የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ሲቆም እግሩ ታጥቦ፣ የተገኘውን ቀምሶ ያድራል፤ ሲነጋም መርቆ ይሄዳል። ባለቤቲቱ ከአምስት ስንት አገኘች ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

ዛሬ ቤትን ለጥቂት ሌሊት ማከራየት በዓለም ዙሪያ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በ2008 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ኤርቢኤንቢ ባስፋፋው ሥርዓት፣ እንግዳው ሲሄድ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። «ሱፐርሆስት» የሚባለውን ማዕርግ የሚሻ አከራይ በዓመት ቢያንስ ዐሥር እንግዳ ማስተናገድ፣ አማካይ ነጥቡን 4.8 ማድረስ፣ ከመቶ 90 ለሚሆኑት ጥያቄዎችም በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

ደልጊ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ክፍል ብታከራይና በዓመት ዐሥር እንግዳ ብታገኝ፣ ዘጠኙ አምስት አምስት ሰጥተው ዐሥረኛው ሁለት ቢሰጣት፣ አማካይዋ 4.7 ሆኖ ማዕርጉ ይቀርባታል። መቶ እንግዳ ያስተናገደ ባለሀብት ግን ያችው ሁለት ኮከብ ብትደርሰው 4.97 ላይ ይቆያል። የኮንክሪት ናሙና የሚፈትን መሐንዲስ እንዲህ ያለ ሚዛን ቢያቀርቡለት ይስቅ ነበር።

ከሒሳቡ የሚብሰው ግን ነጥቡ የተቀነሰበት ምክንያት ነው። መብራት ጠፋ፤ ቧንቧው ደረቀ፤ መንገዱ አደከመ። ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ አጠገብ በዋሻ የሚወሰደው ውሃ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የ460 ሜጋዋት የጣና በለስ ኀይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። በዚያው ዳርቻ መብራት ሲቋረጥ በኮከብ የምትቀጣው ግን ራት በሻማ ያቀረበችው ሴት ናት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ በስልኩ ብቻ የሚሠራ አከራይ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ «መልስ የማይሰጥ» ሊባል ይችል ነበር። እንግዳው ለቤቱ አቀማመጥም ለብቻው ኮከብ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ አከራዩ ቤቱን ተሸክሞ ይሂድ ካልተባለ በቀር ምን ያድርግ?

በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎችን በኮከብ ሲመድብ ቅሬታ ያሰሙ ባለሆቴሎች ነበሩ። ቢሆንም መዛኙ የሠለጠነ፣ መመዘኛውም የተጻፈ ነበር። የአንድ ሌሊት እንግዳ ግን የአከራዩን ትጋትና የአገሩን መስመር በአንድ ቁጥር ጨፍልቆ ይሄዳል።

ኮከቡን መሐንዲስ ሊያርመው አይችልም፤ ከኮከቡ በስተጀርባ ያለውን ጕድለት ግን ሊያጠበው ይችላል። ሁለት ባለ 10 ዋት አምፖሎች አምስት ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት-ሰዓት፣ ሁለት ስልክ መሙላት 50 ዋት-ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ 12 ቮልትና 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢሰጥ ይህን ሁለት ሌሊት ይሸከማል፤ ቀን ቀን አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ ይሞላዋል። አንድ ሺሕ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ግን ሲሞላ አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይሆን በራሱ ማማ ላይ መቆም ይገባዋል። ማኅበሩ ይህን የመሰለ ንድፍ ከነዋጋ ግምቱ በአንድ ገጽ አውጥቶ በወረዳ ከተሞች ቢያድል፣ አንድ አናጢና አንድ ኤሌክትሪሺያን ይሠሩታል።