ስሙ ብዙ፣ ባለቤቱ አንድ

ወገኖቼ! «ነፃ ገበያ» ሲባል ሰምተን አደግን፡፡ እስቲ እዚህ አሜሪካ የቤት ማሞቂያ የሚገጥሙ ድርጅቶችን እንይ፡፡ ሥራው የአባትና የልጅ ነበር፤ አንድ መኪና፣ አንድ መሰላል፣ የሙያ ፈቃድ፣ አለቀ! በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ግን ባለ ገንዘቦች መጥተው ትናንሾቹን እየዞሩ ይለቅሙ ጀመር፡፡ ሰርቪስ ኤክስፐርትስ በ1996 የተቋቋመው ለዚሁ ነው፡፡ በ2000 ደግሞ ማሞቂያ አምራቹ ሌኖክስ ጠቀለለው፡፡

ልብ በሉ! ሌኖክስ ዕቃውን ለግል ገጣሚዎችም ይሸጣል፡፡ ጤፍ የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ ከጎናችሁ እንጀራ ቤት ቢከፍት ማለት እኮ ነው፡፡ በምን ዋጋ ትወዳደሩታላችሁ? በ2013 ሸጠው፤ በ2016 የካናዳው ኤነርኬር ገዛው፤ በ2018 ኤነርኬርን ራሱን ብሩክፊልድ ዋጠው፡፡

እኔ ሻጩን አልኮንንም፡፡ ሽማግሌው ባለሙያ ልጁ «ሙያህን አልወርስም» ሲለው የዕድሜ ልክ ላቡን ለማን ይስጥ? የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፡፡ ድርጅቱ ሲሸጥ መኪናው ላይ የተጻፈው የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል፡፡ በዚያ በጥር ብርድ ማሞቂያዋ የቆመባት እናት ሦስት ቦታ ደውላ ዋጋ ብትጠይቅ፣ ሁለቱ የአንድ ጌታ ሎሌዎች ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ እሷ «አወዳደርኩ» ትላለች፡፡ ማንን ከማን?

እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት «ባለቤታችሁ ማነው?» በሉ፡፡ ፈቃዱን ይዞ በአንድ መኪና የሚሠራ ሰው ዛሬም አለ፤ የእሱንም ዋጋ ስሙ፡፡